ልጅ ሲያተኩሰው ምን እናድርግ? ከደጋ እስከ ቆላ ላሉ የወሎ ወላጆች

ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ጥቅምት ላይ ሌሊት አተኮሰው። የምንኖረው ደሴ ነው። የጥቅምትን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጉንፋን ይዞት ነበር። "ብርድ ነው" ብዬ ፓራሲታሞል ሰጠሁት። በረደለት። በማግስቱ ማታ እንደገና ነደደ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎት ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሳይ ነው ብንን ያልኩት። ልጁ ከሁለት ሳምንት በፊት ሐርቡ አያቱ ጋ ሰንብቶ ነበር የመጣው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ጣቱን ተወግቶ ሲታይ ወባ ተገኘበት።

እኔ ነርስ ነኝ። ቆላም ደጋም ሠርቻለሁ። ሌላ እናት ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቃትን ጥያቄ ለራሴ ልጅ ሳልጠይቅ ሁለት ቀን አለፈኝ። ጥያቄው "የት ሰንብቶ መጣ?" የሚል ነው።

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከቴርሞሜትሩ ቁጥር በላይ ይነግራችኋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ካፖርታችሁን ታወልቃላችሁ። ትንሽ አለፍ ስትሉ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፤ በሰሜን ደግሞ ቆቦ፤ ሁሉም የወባ አገር ነው። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው። እኛ ግን ደጋ እየኖርን ቆላ ዘመድ አለን፣ ቆላ ገበያ አለን፣ ቆላ ሠርግ እንጠራለን። ልጆቻችንም አብረው ይወርዳሉ።

መጀመሪያ ልጁን እዩት

ቴርሞሜትር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ልጁን ተመልከቱ። 39 ሆኖ ኳስ የሚራገጥ ልጅ አለ። 38 ሆኖ ደግሞ ዓይኑን መግለጥ ያቃተው አለ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሁለተኛው ነው። ከነዚህ አንዱን እንኳ ካያችሁ "እስኪነጋ" አትበሉ፤ በሌሊትም ቢሆን ተነሡ፦

- ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፤
- የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፤
- ራሱን ስቶ ከተንቀጠቀጠ፤
- ከፈዘዘ፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ ካልነቃ፤
- አንገቱ ከደረቀ፣ በሕፃን ላይ ደግሞ እርግብግቢቱ ካበጠ፤
- ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ካቃሰተ፤
- ሰውነቱ ላይ ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ከወጣ፤
- መዳፉ ከነጣ፣ ወይም ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ።

ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ሕጉ ሌላ ነው። እሱን ማንኛውም ትኩሳት ወደ ጤና ተቋም ያስወስደዋል። ሽሮፕ ሰጥታችሁ አትጠብቁ። በዚያ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ትኩሳትን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲያውም አንዳንዱ ጨቅላ አያተኩስም፤ ይቀዘቅዛል፣ ጡት ይተዋል፣ ዝም ይላል። የቀዘቀዘና ጡት የተወ ጨቅላም እኩል ያስቸኩላል።

ከዚያ ለኩት

በእጅ መዳበስ መጥፎ አይደለም። እናት ልጇን ስትዳብስ ማተኮሱን ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ስንት እንደደረሰ ግን እጅ አይናገርም። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ ባትሪው ቴርሞሜትር ይበቃል። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጫፉን ብብቱ መሃል አስገቡና ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፋችሁ ያዙት። ድምፅ እስኪያሰማ ጠብቁ። ገና ታጥቦ የወጣ ወይም ከጋቢ የተፈለቀቀ ልጅ ከሆነ ትንሽ ቆዩና ለኩ።

በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። 38.5 ሲደርስ ከፍተኛ እንለዋለን። የለካችሁትን ከነሰዓቱ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ "ማታ ማታ ይብሰዋል" ከማለት "ትናንት ማታ 2 ሰዓት 39.2፣ ዛሬ ጠዋት 37.8" ማለት ብዙ ይረዳል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ቀን ሆነው? የት ነበር?

ዕድሜውን ከላይ ነካ አድርጌዋለሁ። ስለ ቀኑ፣ ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ወይም ከዚያ የመጣችሁ ከሆነ አንድ ቀንም አትጠብቁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ደጋ ላይ ያለ፣ የትም ያልሄደ፣ የሚጠጣና የሚጫወት ጉንፋናም ልጅ ከሆነ ሁለት ቀን ቤት ሊታይ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ይታይ። በየቀኑ እያተኮሰው 7 ቀን የሞላው ልጅ ደግሞ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስለ ቦታው ስታስቡ ያለፈውን ሳምንት ብቻ አትቁጠሩ። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው። ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ጤና ተቋም ስትገቡ ሳትጠየቁ ተናገሩ። "ለመስከረም ከሚሴ ወርዶ ነበር" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትለውጠዋለች።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

ልብሱን አቅልሉለት። ትኩሳት ያለበትን ልጅ በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ "ያልበው" ማለት ሙቀቱን መጨመር ነው። ብርድ ብርድ ሲለው ስስ ነገር ጣል አድርጉለት፣ ሲሞቀው አንሡለት። መስኮቱም ትንሽ ገርበብ ይበል።

በቀዝቃዛ ውኃ አትንከሩት። ቆዳው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ የውስጡ ሙቀትም ይብሳል። አረቄ ወይም አልኮል መቀባት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። በቆዳውና በትንፋሹ ገብቶ ሊመርዘው ይችላል።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ደጋግማችሁ አጥቡት። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ውኃ፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ። ምግብ ካልፈለገ አታስጨንቁት፤ መጠጡን ግን አትልቀቁ። ሽንቱን ቁጠሩ። ከስድስት ሰዓት በላይ ሳይሸና ከቆየ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

አሁን መድኃኒቱ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ስህተት የማየው እዚህ ነው።

የፓራሲታሞል መጠን በክብደት ነው የሚለካው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም፣ በሁለት መጠን መሃል ደግሞ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ሽሮፑ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሌላው በዚያው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ይይዛል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ከሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር ከሰጣችሁት ግን ከልኩ አልፎ እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጎረቤትን "እኔ አንድ ማንኪያ ነው የምሰጠው" አትስሙ። ጠርሙሱን አንብቡ። የቤት ማንኪያ ትልቁም ትንሹም አለ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ሌላም አለ፤ ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን ደርባችሁ ከሰጣችሁ ጉበቱን ትጎዱታላችሁ።

ኢቡፕሮፌን ፓራሲታሞል ያልበቃው ጊዜ በባለሙያ ምክር ይሁን። ለትንንሽ ሕፃናት፣ ተቅማጥና ትውከት ላደረቀው ልጅ፣ ጉድፍ ለወጣበትም አይመከርም። አስፕሪን ለልጅ ትኩሳት አትስጡ። ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ከባድ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓራሲታሞል ልጁን ያሳርፈዋል፣ ውኃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። በሽታውን ግን አያድነውም። "ሰጠሁት፣ በረደለት፣ እንግዲህ ወባ አይደለም" ማለት አይቻልም። የወባም ትኩሳት ይበርድለታል። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነው።

ከትኩሳቱ ጋር ምን አብሮ አለ?

ትኩሳት ብቻውን ስም የለውም። ስሙን የሚሰጡት አብረውት የመጡት ናቸው።

ወባ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያማል፣ ያስታውካል፣ ከዚያ ያልባል። አዋቂ ላይ አንዳንዴ ቀን ቆጥሮ ይመጣል፤ ልጅ ላይ ግን ሥርዓት የለውም። "ቀኑን ጠብቆ ካልመጣ ወባ አይደለም" ብላችሁ አትቀመጡ። ዋናው ወቅቱ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይም ይመለሳል። ምርመራው ጣት ላይ ጠብታ ደም ነው። ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ታደርገዋለች፣ መድኃኒቱንም ትሰጣለች። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይዋጣል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ልጁ በሁለተኛው ቀን ይነሣና ይጫወታል። እናትም የተረፈውን ለወንድሙ ታስቀምጣለች። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ያላለቀ መድኃኒት በሽታውን ይመልሳል፣ ለወንድሙም አይበቃም። ዋጥ አድርጎ ወዲያው ካስታወከ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ መድገም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

የሳንባ ምች ሳልና ፈጣን ትንፋሽ ነው። ይህን ቤት ሆናችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢተኛም ጥሩ ነው፣ ሆዱን ገልጣችሁ ስልካችሁ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዙ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። በዚያው ቀን ይታይ። ብርዱ ከባድ በሆነበት በደላንታ፣ በመቄትና በዋድላ ይህን ቆጠራ እያንዳንዱ ወላጅ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጤና ጣቢያው በእግር ሰዓታት የሚያስኬድ ከሆነ ከከተማ ሰው ቀድማችሁ ተነሡ።

ኩፍኝ መጀመሪያ ጉንፋን ይመስላል። ሳል፣ ንፍጥ፣ ቀይ ዓይን፣ ትኩሳት። በሦስተኛ አራተኛው ቀን ከጆሮ ኋላና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሽፍታ ይወጣል። ሽፍታው ሲወጣ ትኩሳቱ ይብሳል። በዚህ ይለያል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታይ ሌላ ቀላል ሽፍታ አለ፤ ሦስት ቀን ያነድደውና ትኩሳቱ ጥሎት ሲሄድ ነው ሽፍታው የሚወጣው። እሱ በራሱ ይጠፋል። ኩፍኝ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይገባል። "ኩፍኝ መርፌ አይወድም" ብሎ ጨለማ ቤት መደበቅ ልጅ አስከፍሎናል። ጤና ተቋም ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል፤ ዓይኑንም ሕይወቱንም የሚያተርፍ ነገር ነው። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁለተኛዋን የሚረሷት ብዙ ናቸው።

ስለ ክትባት ካነሣን፣ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት ማታውን ሊያተኩሰው ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ደግሞ ከሳምንት በኋላ ይመጣል። ቆላ ላይ ግን "ክትባት ነው" ብላችሁ ወባውን እንዳታልፉት።

ጉሮሮውን የሚያመው፣ ሲውጥ የሚያለቅስ ልጅ ቶንሲል ሊሆን ይችላል። አብዛኛው በቫይረስ ነው፤ በራሱ ይድናል። በባክቴሪያ የሆነው በወጉ ካልታከመ ግን ከሳምንታት በኋላ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የ10 ቀን መድኃኒት ካዘዘ 10 ቀኑን የምታስጨርሱት። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ትኩሳት አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቲታነስም አለ። ጥርስ ማብቀልም ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም፤ 39 የደረሰ ልጅ ሌላ ነገር አለበት።

ምንም ምልክት የሌለው ትኩሳት ሲያጋጥም ሽንት ይመርመር። በተለይ ሴት ሕፃናት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተደብቆ ይኖራል። ጆሮውን የሚጎትተውን ደግሞ ጆሮውን አሳዩት።

ግርሻ የደጋው በሽታ ነው። ቅማል ታስተላልፈዋለች። ሰው በተጨናነቀበት፣ ውኃና ልብስ መቀየሪያ ባነሰበት፣ በተለይ በክረምት ይነሣል። ለቀናት በኃይል ያተኩሳል፣ ከዚያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቤተሰቡ "ተሻለው" ይላል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። በደም ምርመራ ይታያል፣ መድኃኒትም አለው። የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ግን በሽተኛው ክፉኛ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ እዚያው ተኝቶ ይታይ ሲሏችሁ እሺ በሉ። ልብሱን ቀቅላችሁ እጠቡ፣ የቤተሰቡንም ጭምር።

ታይፎይድና ታይፈስ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ያልተባለ የወሎ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ሆድ ያማል፣ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ታይፈስ፣ ተስቦ የምንለው፣ በቅማል ይመጣል። ችግሩ በብዙ ቦታ የሚደረገው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ነው። በፊት የነበረ ኢንፌክሽንም፣ ሌላ በሽታም "ፖዘቲቭ" ሊያደርገው ይችላል። አንድ ጊዜ ተደርጎ በዚያ ብቻ አይፈረድም። ልጃችሁ ትናንት ማታ አተኩሶት ዛሬ ጠዋት "ታይፎይድ ነው" ከተባለ በትሕትና ጠይቁ፦ "ዶክተር፣ ወባውስ ታይቷል? ሳንባው ተሰምቷል? ሽንቱስ?" መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ምችስ? ዳማከሴ የእናቶቻችን መድኃኒት ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ ነው። ትኩሳት ሲቀሰቅሰው ይወጣል። ትኩሳቱን ያመጣው ደግሞ ወባ ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከንፈሩን አይታችሁ "ምች ነው" ብላችሁ አትዝጉት። ጭማቂውን በሕፃን አፍና አፍንጫ አታፍስሱ፤ ሳንባ ይገባል። ፌጦም የሕፃን ቆዳ ይልጣል። ዱዓውም ጸበሉም ይሁን፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ድንገት ቢንቀጠቀጥ

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ አንዳንድ ልጆች ትኩሳት ሲወጣባቸው ራሳቸውን ስተው ይንፈራገጣሉ። ዓይናቸው ይገለበጣል። ቤቱ በጩኸት ይሞላል። አብሽሩ፣ አብዛኛው ከአምስት ደቂቃ በፊት ይቆማል። በዚያች ሰዓት ይህን አድርጉ። መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት እዩ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ፍቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም፣ ሽሮፕም አታስገቡ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ጭሱ ትንፋሹን ከማስቸገር በቀር አይረዳውም። አጥብቃችሁ አትያዙት።

አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደገመ መኪና ፈልጉ። ቢቆምም በዚያው ቀን ይታይ። የወባና የማጅራት ገትር መንቀጥቀጥ ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ የሚለየው ሐኪም ነው።

ከጤና ጣቢያ ስትመለሱ

ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አትግዙ፣ ካለፈው የተረፈውንም አትስጡ። በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልቀነሰ ተመለሱ። "ትናንት ነው የታየው" ብላችሁ አትፈሩ። ሕክምናው ራሱ ተመለሱ ይላል። ተቅማጥ ካለው ኦአርኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፣ የተሰጣችሁን ዚንክም እስከ መጨረሻው ስጡት።

ሲሻለው ይርበዋል። ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጡት። ገንፎው ላይ ቅቤ ጨመር፣ እንቁላል ካለ እንቁላል። የከሳው በዚያ ይመለሳል።

ዘንድሮ ልጄ ሐርቡ ሲወርድ ከልብሱ ጋር አጎበር አጥፌ ላክሁ። አያቱ "እኔ ቤት አጎበር የለም ብለሽ ነው?" ብለው ተቀየሙኝ። ማታ ደወልኩ። ሰቅለውለት፣ ዳሩን ፍራሹ ሥር ሸጉጠውለት ተኝቷል።